የወንድሜን መንገድ የምታውቁ ንገሩኝ (ከታጠቅ፣ ሚያዝያ 1980)

የጠባሴ ልጅ
ጥር 14 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ገጽ ላይ ለዓመታት አንብቤአለሁ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

እናቴ ባለፈው ዓመት አረፈች። ሙት ዓመቷን ካወጣን በኋላ ሣጥኗን ስንከፍት ከመቀነቷ ሥር በላስቲክ የተጠቀለሉ ሦስት ደብዳቤዎች አገኘን። የታላቅ ወንድሜ ናቸው። አዲስ አይደሉም፤ እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች ያኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። 11 ዓመቴ ነበር። አሁን በ48 ዓመቴ ሳነባቸው ግን ያኔ ያላየሁት ነገር አለ።

ወንድሜ የተወሰደው በኅዳር 1980 ነው። 19 ዓመቱ ነበር። ቀን ከአባታችን ጋር በግ ይነግዳል፣ ማታ 11ኛ ክፍል ይማራል። አንድ ማታ ከትምህርት ሲወጡ በር ላይ ያዟቸው። በማግስቱ እናቴ ቀበሌው ግቢ ሄዳ ከሌሎች ልጆች ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ አየችው። ዳቦ ቆሎ በነጠላ ቋጥራ፣ ከአልጋው ላይ ያነሣችውን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጨምራ በአጥር አቀበለችው። ግራጫ ብርድ ልብስ ነው። ጥጉ ላይ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በቀይ ክር የጠለፍኩት እኔ ነኝ፤ በትምህርት ቤት እጅ ሥራ የጀመርንበት ዓመት ነበርና በቤቱ ያለውን ጨርቅ ሁሉ እየጠለፍኩ አስቸግር ነበር።

የመጀመሪያው ደብዳቤ አዲስ አበባ አጠገብ ከነበረው ከታጠቅ ጦር ሰፈር ነው፤ ገንዘብ አትላኩልኝ፣ ካልሲ ላኩልኝ ይላል። ሦስተኛው አራት መስመር ነው፤ ጥቅምት 1981፣ «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው»። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። መርዶም አልመጣም፣ ወረቀትም አልመጣም። እናቴ ተዝካሩን አላወጣም ብላ ሞተች።

የምጠይቃችሁ ስለ ሁለተኛው ነው። ሰኔ 1980 የተጻፈ ነው። ሰላምታውን አሳጥሬ እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦

«ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ክብር ምስጋና ለመድኃኔ ዓለም ይድረሰውና ደህና ነኝ። እማዬ፣ ከዚያ ከብርዱ ቦታ ተነሥተን ስንሄድ በደጃችን አልፌአለሁ። ሌሊት ነው፣ ሸራው ወርዷል። በቀዳዳው የወፍጮ ቤቱን መብራት ሳይ ነው ያወቅሁት። ወረቀት በድንጋይ ጠቅልዬ ወርውሬ ነበር፤ አገኛችሁት ይሆን? ተራራው ሆድ ውስጥ ገብተን ስንወጣ ብርዱ ከኋላችን ቀረ። ቀጥሎ ሜዳ ነው። ድንጋዩን እሳት የበላው ይመስላል፣ ዛፍም ሰውም የለበትም። ዳር የሌለው ውኃ አየሁ። ዓሣው እንደ ወፍ ይበራል ብልሽ ታምኚኛለሽ? ከዚያ በላብ እንደተጠመቅን ተነሥተን በአንድ ጠዋት ደመና ውስጥ ገባን፤ ስለ ብርድ ልብሱ ያን ዕለት መርቄሻለሁ። አሁን ያለሁበት አገር ደህና ነው። ወደዚህ ስንመጣ መንገዱ ብርቱካን ብርቱካን ይሸት ነበር። ትልቅ ዛፍ አለ፤ ሆዱ ውስጥ ማርያም አለች። ገብቼ ተሳልሜ ስምሽን ጠርቻለሁ። ለእህቴ ክሩ እስካሁን አልተፈታም በያት።»

የተራራው ሆድ የጣርማበር ዋሻ መሆኑን የደብረ ብርሃን ሰው አይስተውም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን እኛ እንዲህ ተረድተነው ነበር፦ ውኃው ሐሸንጌ ሐይቅ ነው፣ ደመናው ከአላማጣ ወደ ኮረም ሲወጡ ያለው ዳገት ነው፣ ያለው መቀሌ ነው። የዓሣውንና የዛፉን ነገር የነፍስ አባታችን ሲሰሙ «ንዳድ ይዞት ነው የጻፈው» አሉ። እናቴም አመነች።

በ1983 ግንቦት መጨረሻ ሠራዊቱ ሲበተን እናቴ ቤታችን ደጃፍ አስፋልቱ ዳር እንስራ ውኃና እንጀራ ይዛ ሁለት ወር ተቀመጠች። በባዶ እግሩ የሚያልፈውን ሁሉ ታጠጣና «ከመቀሌ ነህ?» ትለዋለች። አዎ ካለ ስሙን ትነግረዋለች። አይደለሁም ያለውን ውኃውን አጠጥታ ታሳልፈዋለች። በ1994 እኔም መቀሌ ድረስ ሄጄ ጠይቄአለሁ።

እባካችሁ፣ በዚያ መንገድ የሄዳችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። በዛፍ ሆድ ውስጥ ያለች ማርያም የት ናት?


ናርዶስ
ጥር 14፣ ከምሽቱ 4፡02

እናትሽን ነፍስ ይማርልሽ እህቴ። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ስለሆነ የማውቀው ነገር የለም፤ ደብዳቤውን ግን ለእናቴ አነበብኩላት። የእሷም ወንድም በ1978 ሄዶ ቀርቷል። «ክሩ አልተፈታም» የሚለው ላይ ስደርስ ተነሥታ ወጣች።


ወሎዬው
ጥር 14፣ ከምሽቱ 4፡40

ግምታችሁ ልክ ይመስለኛል። አባቴ በ1979 በዚያው መንገድ ነው የሄደው፦ ደሴ፣ ወልድያ፣ አላማጣ፣ ከዚያ ግራካሱን ወጥቶ ኮረም። ግራካሱ ላይ ደመናው ከመኪናው በታች ነው የሚሆነው ይለን ነበር። አላማጣ ላይ ያላበው ሰው ኮረም ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። ሐሸንጌም ከመንገዱ ላይ ወለል ብሎ ይታያል። ብርቱካኑ ብቻ አልገባኝም።


የአሰብ መንገድ
ጥር 15፣ ከጠዋቱ 1፡15

እህቴ፣ እኔ 71 ዓመቴ ነው፤ እየነገርኩት ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ሌሊቱን ሳስበው አድሬ ነው።

የከባድ መኪና ሾፌር ነበርኩ። የአሰብን መንገድ 15 ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ወሎዬው ልጄ የተናገረው ስለ አባቱ እውነት ነው፤ በዚያ በኩል የሄደ ሠራዊት ብዙ ነው። ያንቺ ወንድም ግን በዚያ አልሄደም።

አላማጣ ያለችበት የራያ ሜዳ ማሽላ የሚበቅልበት አገር ነው። ሰው አለበት፣ ከብት አለበት፣ ዛፍ አለበት። እሳት የበላው ድንጋይ የለበትም። እሳት የበላው ድንጋይ ያለው አፋር በረሃ ውስጥ፣ ሰርዶና ዲቼኦቶ ነው። ጥቁር ነው፣ እንደ ተቆላ ቡና ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ጎማ ይበላል። እዚያ ለመድረስ ደግሞ አንድ መንገድ ነው ያለው፦ ኮምቦልቻ ላይ ወደ ቀኝ መታጠፍ። ቀጥታ ያለው ዳገቱን ይዞ ደሴ ይወጣል፤ የቀኙ ወደ ባቲ ይወርዳል። ከባቲ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰርዶ፣ ዲቼኦቶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ አሰብ። ከአዲስ አበባ ወደ 880 ኪሎ ሜትር ነው።

ዳር የሌለው ውኃ ያለው ቀይ ባሕር ነው እህቴ። ሐሸንጌ ዳር አለው።

የዚያን ዓመት ሚያዝያ በደንብ አስታውሰዋለሁ። መጋቢት ላይ ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ወድቆ እዚያ የነበረው የሠራዊቱ ናደው ዕዝ ፈርሶ ነበር፤ ሬዲዮኑ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ይላል። ከየማሠልጠኛው ወጣት እየተጫነ በሌሊት ያልፋል። ከእኔ ፊት የወታደር ኦራል መኪኖች ይሄዳሉ፣ እኔ ስንዴ ጭኜ ከኋላ ነኝ። ደብረ ብርሃን ሲደርሱ፣ ደብረ ሲና ሲደርሱ፣ ሸዋሮቢት ሲደርሱ፣ ከሸራው ሥር እጅ ይወጣና ወረቀት ይወረወራል። በድንጋይ የተጠቀለለ፣ በካልሲ የታሰረ፣ አንዳንዱ በሲጋራ ካርቶን ላይ የተጻፈ። መቆም አይቻልም ነበር፤ ከኋላ አጃቢ አለ። ሁለት ጊዜ ግን ጎማዬ ተነፈሰ ብዬ ቆሜ አንሥቻለሁ። አንዱን ካራቆሬ ላሉ እናት አደረስኩ። ሌላው አድራሻው በውኃ ጠፍቶ ነበር፣ እስከ ዛሬ ቤቴ አለ።

የወንድምሽን ያነሣ ሰው ካለ አላውቅም። ያላነሣኋቸው ብዙ ናቸው፤ እነሱ ናቸው እንቅልፍ የሚነሡኝ።


የጠባሴ ልጅ
ጥር 15፣ ከጠዋቱ 2፡30

ጋሼ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ካርታ ከፍቼ ጣቴን ኮምቦልቻ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ።

ወደ ቀኝ። 37 ዓመት ሙሉ ቀጥታ ነው የፈለግነው። እናቴ «ከመቀሌ ነህ?» እያለች ስንቱን አሳለፈች? ከመካከላቸው አንዱ ያውቀው ይሆን ነበር ብዬ ሳስብ ደረቴ ይቃጠላል።

ለምን ግን ቦታውን በስሙ አልጠራውም? አሰብ ቢል ምን ነበረበት?


ባሕረኛው
ጥር 15፣ ቀን 7፡10

ስለ ዓሣው እኔ ልመስክር። ወንድምሽ ንዳድ አልያዘውም። በቀይ ባሕር ላይ የሚበር ዓሣ አለ። ክንፉን ዘርግቶ ከውኃው ይነሣና እንደ ተወረወረ ጠጠር ውኃውን እየነካ ይሄዳል፤ ሌሊት ሌሊት መርከቡ ላይ ይወድቃል፣ ጠዋት እንለቅመዋለን። መጠኑ ከእጅ መዳፍ ትንሽ ይረዝማል፣ ጀርባው ሰማያዊ ነው።

በባሕር ኃይል 12 ዓመት ሠርቻለሁ። ከአሰብ ወደ ምፅዋ ሠራዊት ስናመላልስ ነበር፤ ታንክ በሚጭኑት ጠፍጣፋ መርከቦችም፣ በተገኘውም ሁሉ። ልጆቹ ወደብ ላይ የሚሰለፉት አመሻሽ ላይ ነው፣ ቀን ብረቱ ስለሚያቃጥል። አብዛኞቹ የደጋ ልጆች ናቸው፤ ከዚያ በፊት ያዩት ትልቁ ውኃ የበጋ ወንዝ ነው። አንዱ «ጓድ፣ ማዶው የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ማዶው አይታይም አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ በምን ታውቃላችሁ?» አለኝ። ይኸን ጥያቄ አልረሳውም። ወጣት ስለነበርኩ ሳቅሁበት፤ ባልስቅ ኖሮ እላለሁ አሁን።

መርከቡ ከነቃነቃቸው በኋላ የሚበላ አልነበረም። ኮቾሮውን በኪሳቸው ይዘው የብረቱን ግድግዳ ተደግፈው ይተኛሉ። የጸለየ ይጸልያል፣ ያለቀሰ ያለቅሳል፣ ሌሎቹ ደግሞ ዓሣውን ሲያዩ እንደ ሕፃን ይጮኻሉ። ከ18 እና ከ19 ዓመት ልጅ ምን ትጠብቂያለሽ?

ከምፅዋ ወደ አሥመራ 115 ኪሎ ሜትር ነው። ከባሕሩ ጠርዝ ተነሥቶ ከ2300 ሜትር በላይ ይወጣል። ዶጋሊ፣ ጊንዳዕ፣ ነፋሲት። ምፅዋ ላይ ሸሚዝ ገላ ላይ ይጣበቃል፤ ነፋሲትን ስታልፊ ደመናው መንገዱ ላይ ይተኛል። «በአንድ ጠዋት ደመና ውስጥ ገባን» ያለው ይኸን ነው። በመንገዱ ዳር የድሮው ባቡር ቅስት ድልድዮች ይታያሉ፤ ሐዲዱ ግን ተነቅሎ ለምሽግ ውሏል። ይህ የባሕር መንገድ ያበቃው ምፅዋ በየካቲት 1982 ስትወድቅ ነው።


ታዛቢ
ጥር 15፣ ከቀኑ 9፡00

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ሁሉ ትዝታ ደርግን ማሞገስ እንዳይሆን። ያ ሠራዊት በሰው አገርና በሰው ልጅ ላይ ምን እንዳደረገ ይታወቃል። የሞቱለት ነገር ምን ነበር?


የጠባሴ ልጅ
ጥር 15፣ ከቀኑ 9፡25

ወንድሜ፣ አልቀየምህም። ሰው የደረሰበትን ያውቃል። የእኔ ወንድም ግን ከማታ ትምህርት በር ላይ ነው የተወሰደው። የሚያውቀው በግ ነበር፤ ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ይናገራል። እኔ የጠየቅኩት የሄደበትን መንገድ ብቻ ነው፣ ይኸን አትከልክለኝ።


ሁርሶ 77
ጥር 15፣ ከምሽቱ 2፡45

ለታዛቢ፦ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ እኛም በየምሽጉ ስንጠይቀው ያደርንበት ነው። እዚህ ግን እህታችን ሌላ ነገር ነው የያዘችው።

እህቴ፣ እኔ በብሔራዊ ውትድርና ከአዲስ አበባ ተይዤ ከለገሃር በባቡር ነው ሁርሶ ማሠልጠኛ የወረድኩት፤ 1977። አዋጁ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ይጠራል፣ ስድስት ወር ሥልጠና ሁለት ዓመት አገልግሎት ይላል። የእኔ ሁለት ዓመት እስከ 1983 ተለጠጠ። መጀመሪያ ኦጋዴን ነበርኩ። በ1980 ከሶማሊያ ጋር ስምምነት ሲፈረም ከዚያ ተነቅለን ወደ ሰሜን ተወሰድን። ክረምቱ ሲገባ ኤርትራ፣ ከረን ነበርኩ። ስለዚህ የወንድምሽን ዓይነት ልጆች ሲመጡ አይቻለሁ።

ቦታ ለምን አልጠራም ላልሽው፤ ክልክል ስለነበር ነው። ደብዳቤው ሳይታሸግ ነው የሚሰጠው። የፖለቲካ ኃላፊው ያነበዋል፤ የከተማ ስም፣ የክፍል ስም፣ የቆሰለ ሰው ስም ካለበት ይሠረዛል ወይም ይቀዳል። ስለዚህ ሁላችንም እንቆቅልሽ መጻፍ ተማርን። እኔ ለእናቴ «አባባ ጣሊያንን የተዋጋበት አገር ነኝ» ብዬ ጻፍኩ፤ አባቴ ማይጨው ስለዘመተ ማይጨው ያለሁ መሰላቸው። ወንድምሽ ጎበዝ ነው። ሁሉንም አስገብቶ አንድ ስም አልጠራም።

ስለ ጉዞው የማውቀውን ልንገርሽ። ታጠቅ ቁር ነው። ራስ ተላጭተው፣ ሌሊት 11 ሰዓት በፊሽካ ተነሥተው፣ መጀመሪያ በእንጨት ጠመንጃ ነው የሚሠለጥኑት። በዚያ ዓመት የመጡት ስድስት ወር ሳይሞላቸው ነው የተጫኑት። መቼ እንደሚነሡ አይነገራቸውም። ማታ ድንገት ይሰለፋሉ፣ ኮዳና ኮቾሮ ይታደላቸዋል፣ ኦራሉ ሞተሩን አስነሥቶ ይቆማል። (ናርዶስ ላንቺ፦ ኮቾሮ ደረቅ ብስኩት ነው። ጥርስ አይሰብረውም፤ ሻይ ውስጥ ካልተነከረ አይበላም።) ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ በዚያች ሰዓት ነው የሚታወቀው። ወንድማማች የተለያየበት አለ። መኪናው ላይ መጀመሪያ ዘፈን አለ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ዝምታ ነው። የትውልድ መንደሩን የሚያልፍ ልጅ ካለ ሌሎቹ ከሸራው ቀዳዳ ዞር ይሉለታል። ይህ ደንብ ነበር፣ ማንም አላወጣውም። ወንድምሽ የወፍጮ ቤቱን መብራት ያየው ቦታ ስለለቀቁለት ነው።

ከረን ሲደርሱ ከመኪናው ወርደው ይቆጠራሉ። እግራቸው ከአዲሱ ቦት ጫማ የተነሣ ቆስሏል፣ ከንፈራቸው በባሕሩ ጨው ተሰነጣጥቋል። አንዳንዶቹ ዕቃቸውን ምፅዋ ሸጠው ውኃ ጠጥተውበታል። ከደብረ ብርሃንና ከመንዝ የመጡት ግን ብርድ ልብሳቸውን አይለቁም። ቀን ያ ሙቀት እያለ ለምን ይሸከሙታል እንል ነበር። ተራራው ላይ ወጥተን ምሽግ ውስጥ ስናድር ግን ለአንድ ብርድ ልብስ አራት ሰው እንለምናቸዋለን።

ቀይ ክር አይቼ እንደሆነ ራሴን ደጋግሜ ጠየቅሁ። አላየሁም። በሐሰት ላጽናናሽ አልፈልግም፣ ወንድምሽን አላውቀውም። ሁለት ነገር ግን ልበልሽ። ደብዳቤው መቆሙ ብቻውን ሞተ ማለት አይደለም፤ በ1981 ትግራይ ከተለቀቀ በኋላ የየብስ መንገዱ ተቆረጠ፣ የእኔም ቤተሰብ ከአንድ ዓመት በላይ ምንም አልደረሳቸውም። ሁለተኛው፣ ግንቦት 1983 ሁሉም ሲያልቅ ከረን የነበርነው አብዛኞቻችን ወደ ደብረ ብርሃን በኩል አልመጣንም። በአቆርደት አድርገን ወደ ሱዳን ነው የሄድነው፤ ከሰላ። እዚያም የቀረ አለ። እናትሽ በዚያ መንገድ ዳር ማንንም አላሳለፉም፤ የጠየቋቸው በአብዛኛው የእኛ ሰዎች አልነበሩም።


የጠባሴ ልጅ
ጥር 15፣ ከምሽቱ 3፡30

«ወንድምሽ የወፍጮ ቤቱን መብራት ያየው ቦታ ስለለቀቁለት ነው» ያልከውን ለልጆቼ አነበብኩላቸው። እግዚአብሔር ይስጥህ ጋሼ። ስለ እናቴ ያልከውንም ሌሊቱን ሙሉ ይዤው አድራለሁ።


ሰንሒት
ጥር 16፣ ከጠዋቱ 4፡50

ሰላም። አማርኛዬ ከተማርኩበት ትምህርት ቤት ከወጣሁ ብዙ ጊዜ ስለሆነ ስህተት ካለበት ይቅርታ። የከረን ልጅ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ስቶክሆልም ነው። ይህን ጽሑፍ የላከልኝ የአዲስ አበባ ጓደኛዬ ነው፣ «የናንተን ዛፍ የምትፈልግ ሴት አለች» ብሎ።

ዛፏ ማርያም ደዓሪት ናት። ከከረን ወጣ ብሎ ነው፣ በእግር ይደረሳል። ትልቅ ባኦባብ ነው። ግንዱ ውስጥ ክፍት ነው፣ በሩ በኖራ ተለስኖ ነጭ ሆኗል፣ ውስጥ የእመቤታችን ምስል አለ። ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። በ1941 በፈረንጆች እንግሊዝና ጣሊያን ከረን ላይ ሲዋጉ የጣሊያን ወታደሮች እዚያ ሆድ ውስጥ ተደብቀው ቦምቡ ዛፉን መትቶ እነሱ ተረፉ ተብሎ ይተረካል። ግንቦት 21 ንግሥ ነው፤ ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም ይመጣል፣ እስላሙም ጎረቤት ነው። ብርቱካኑ ደግሞ ኤላበርዕድ ነው፤ ከአሥመራ ወደ ከረን ስትመጪ መንገድ ላይ ያለው የእርሻ ቦታ። መስኮት ከፍተሽ ስታልፊ ይሸታል። ወንድምሽ አንድም የተሳሳተ ነገር አልጻፈም።

ያኔ 10 ዓመቴ ነበር። ለወታደሮቹ ሻይ እሸጥ ነበር፣ በትልቅ ጀበና መሰል ማንቆርቆሪያ። አማርኛ የለመድኩት ከእነሱም ነው። የምንፈራቸው ነበሩ፣ የሚያሳዝኑም ነበሩ። ይኸን ሁለቱንም አብሬ ነው የምናገረው፣ አንዱን ብተው ውሸት ይሆንብኛል። የገዛ ታላቅ ወንድሜ በዚያው ሰዓት ከተራራው ማዶ ታጋይ ነበር። የእኔ ወንድም እና ያንቺ ወንድም ተተኳኩሰው ሊሆን ይችላል። እሱም አልተመለሰም። ከነፃነት በኋላ ግን ለእናቴ ወረቀት መጣላት። እልል ብላ አልቅሳ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው ደርሶላት ቀበረችው ማለት ይቻላል። ያንቺ እናት ያንን እንኳ አላገኘችም። ይህን ሳነብ ነው ልጽፍልሽ የወሰንኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አገር ልጅ የፈለገች ሴት ከዛፏ ጥላ ሥር ቡና ታፈላለች። መንገደኛ አልፎ ቡናውን ከተቀበላት ትወልዳለች ይባላል። አክስቴ በዚያ ዓመት እዚያ ስታፈላ አብሬአት ሄጄ ነበር። የመጡት መንገደኞች ወታደሮች ነበሩ፤ ሦስት ልጆች። አክስቴ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ «መንገደኛ መንገደኛ ነው» አለችና ጠራቻቸው። መሣሪያቸውን ዛፉ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። አንዱ ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ ቡናውን ሳይጠጣ ለረጅም ጊዜ አሸተተው። ወንድምሽ ነው አልልም፤ ብዙ ወታደር ነው እዚያ የሚሄደው። አክስቴ በዓመቱ ሴት ልጅ ወለደች፤ አሁን ልጅቷ ከረን ውስጥ መምህርት ናት።


የአሰብ መንገድ
ጥር 16፣ ቀን 6፡05

ልጄ ሲያነብልኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ሰንሒት፣ አክስትህን እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

እህቴ፣ ያቺ አድራሻዋ የጠፋ ወረቀት ከደብረ ብርሃን ወዲህ ነው ያነሣኋት እንጂ ከደብረ ብርሃን ወዲያ አይደለም። ሸኖ አካባቢ ነው። ስለዚህ የወንድምሽ አትሆንም። ተስፋ እንዳታደርጊ ብዬ ነው የምነግርሽ።


ወሎዬው
ጥር 16፣ ቀን 6፡40

ከትናንት ወዲያ በእርግጠኝነት ስለጻፍኩ ይቅርታ። እኔም አባቴን ዛሬ ደውዬ ስንት ቀን እንደተጓዘ ጠየቅሁት። ሰባት ደቂቃ ሙሉ ሳያቋርጥ አወራኝ፤ እንዲህ አውርቶኝ አያውቅም።


ሰንሒት
ጥር 16፣ ከቀኑ 10፡15

እህቴ፣ አሁን ወደዚያ መሄድ እንደማትችዪ አውቃለሁ፤ በረራውም ቆሟል፣ ድንበሩም እንደምታውቂው ነው። የአክስቴ ልጅ ግን ለግንቦት 21 ትሄዳለች። ስለ ደብዳቤሽ ነገርኳት። ጧፍ አበራለታለሁ አለች። ስሙን ጠይቅልኝ ብላኛለች፣ የክርስትና ስሙን። ለሕያው ነው ወይስ ለሙት የሚለውንም ጠይቃለች፤ ጸሎቱ ይለያያልና።


የጠባሴ ልጅ
ጥር 16፣ ከምሽቱ 5፡55

ቀኑን ሙሉ መልስ መጻፍ አቅቶኝ ነው የቆየሁት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ ድሮው ቤታችን ሄጄ ነበር። ወፍጮ ቤቱ አሁን የሞባይል መሸጫ ሆኗል። አስፋልቱ ዳር እናቴ ትቀመጥበት የነበረው ድንጋይ ግን አለ። እዚያ ተቀምጬ ደብዳቤውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፤ በዚህ ጊዜ ግን ስሞቹን እያስገባሁ። ደጃችን፣ ጣርማበር፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሰርዶ፣ አሰብ፣ ምፅዋ፣ ነፋሲት፣ አሥመራ፣ ኤላበርዕድ፣ ከረን። አላፊ አግዳሚው እብድ ሳይለኝ አልቀረም።

ሰንሒት፣ የክርስትና ስሙ ገብረ መድኅን ነው። ለሕያው ይሁን ለሙት እኔ አልለየሁም፤ እናቴም ሳትለይ ሞተች። የአክስትህ ልጅ ሁለት ጧፍ ታብራ። አንዱ ለወንድምህ ይሁን፤ የእሱን ስም ላክልኝ፣ እኔም እዚህ ሥላሴ አስጠራዋለሁ። የእኔን ወንድም ግን ስሙን ብቻ ትጥራው፤ ሌላ ምንም አትጨምርበት። በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ስትገባ እናቱ ብርድ ልብሱን ጠይቃዋለች ትበለው።